የማህፀን ምስል እንዴት ይነሳል?

አርግዛ የማታውቅ ሴት ማህፀን ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ4 እስከ 5፣ ውፍረቱ ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ቦታ ይተርፋል። ብዙዎቻችን ማህፀን ሲባል ውስጡ ባዶ የሆነ ክፍል ይመስለናል። ጽንስ በሌለበት ጊዜ ግን የፊቱና የኋላው ግድግዳ ተነካክተው ነው የሚተኙት፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ይህ ነው የሚባል አይደለም። ግራና ቀኝ የሚወጡት ቱቦዎችማ ከዚህም ይብሳሉ፤ ከማህፀን ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቀዳዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። "ልጅ ለምን ቀረ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው በነዚህ በተከደኑ ቦታዎች ውስጥ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የሚያዩትም አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ሥጋውን ያያል፣ ጉድጓዱን በደንብ አያይም። ሌላው ጉድጓዱን ያያል፣ ሥጋውን ጨርሶ አያይም። ሰው የሚንገላታው፣ ገንዘብ የሚባክነው፣ አንዳንዴም ደህና የሆነች ሴት "አንቺ አትወልጂም" ተብላ የምትመለሰው አንደኛው መሣሪያ የሌላኛውን ጥያቄ እንዲመልስ ሲገደድ ነው። እንግዲህ መንገዱን ከመነሻው እንከተለው።

እንበልና አንዲት ሴት ከአምባራስ ተነሳች። አምባራስ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ የገብስና የበግ አገር ነው። ካገባች አራት ዓመት ሆኗታል እንበል፤ የወር አበባዋ አንድም ጊዜ አልዘገየባትም። ሐኪሞች ችግር አለ ብለው ምርመራ የሚጀምሩት ባልና ሚስት ሳይከላከሉ አብረው 12 ወር ኖረው እርግዝና ሲጠፋ ነው፤ ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። ይህ የጥቂቶች ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ይህ ይገጥመዋል፤ 17.5 በመቶ መሆኑ ነው። በዚሁ በስሜን ግርጌ፣ በዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ የሕዝቡን ኑሮ ይመዘግባል። የተወለደው፣ የሞተው፣ ከቀበሌ የወጣውና የገባው ይጻፋል። ተጠብቆ የቀረ ልጅ ግን የት ይጻፍ?

ከቤት ከመውጣቷ በፊት ቡና ላይ የሚደረገውን ንግግር የማያውቅ የለም።

"እማዬ፣ ደባርቅ ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው።"

"ሂጂ ልጄ፣ እመቤቴ ትከተልሽ። ልጄን ግን ምን ልታደርጊው ትወስጅዋለሽ? እሱ ምን ሆነና!"

አማቲቱ ክፉ ሆነው አይደለም፤ አገሩ የሚያስበው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። ልጅ አጥተው የነበሩትን የእመቤታችንን ወላጆች ሐናና ኢያቄምን የሚያውቅ አገር፣ ግንቦት ልደታን ንፍሮ ቀቅሎ ከደጅ የሚያከብር ሕዝብ፣ ሁለቱም አብረው እንዳለቀሱ መርሳት አልነበረበትም። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፣ ላቦራቶሪው በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የታችኛው ወሰን በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ሕመም የለውም፣ ጨረር የለውም፣ አልጋ ላይ መውጣት የለውም። ይህ ሳይሠራ ሴቲቱን ወደ ራጅ ክፍል መላክ የሥራ ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ እኔ ብሆን ባል ተቀምጦ ሚስት ብቻዋን ስትመረመር ባየሁ ቁጥር እሱን ነበር ቀድሜ ካርድ አውጣ የምለው።

ደባርቅ ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያው ምስል አልትራሳውንድ ነው። በእጅ የሚያዘው ፕሮብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካቸው የሚንቀጠቀጡ ጠጣር ነገሮች አሉ። ሲንቀጠቀጡ ድምፅ ይፈጥራሉ፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ሲሆን ይህ ግን ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ይደርሳል። ድምፁ በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ይጓዛል፤ ሥጋና ፈሳሽ፣ ሥጋና እጢ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ማሽኑ ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካና ድንበሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ያሰላል። ይህን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያወጣል። ፈሳሽ ድምፅ ስለማይመልስ ጥቁር ይሆናል። ዘዴውን ለሴቶች ሕክምና ያስተዋወቀው የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው፤ የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት በነበረ የፋብሪካ መሣሪያ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1958 ውጤቱን አሳተመ።

እዚህ ላይ በየኮሪደሩ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። አንዷን ሴት "ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን ያዥ" ይሏታል፤ ሌላዋን "ሽንትሽን ሸንተሽ ነይ" ይሏታል። ሁለቱም ልክ ነው። በሆድ በኩል ሲታይ የሞላ ፊኛ ያስፈልጋል፤ አንጀት ውስጥ ያለው አየር ድምፁን ስለሚከለክል የሞላው ፊኛ አንጀቱን ገፍቶ ለድምፁ መንገድ ይከፍታል። በብልት በኩል በሚገባው ቀጭን ፕሮብ ሲታይ ግን ፕሮቡ ማህፀኑ አጠገብ ስለሚደርስ ፊኛው ባዶ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማህፀኑን ገፍቶ ያርቀዋል። ይህኛው ፕሮብ ከ5 እስከ 9 ሚሊዮን ንዝረት ይጠቀማል። ንዝረቱ በበዛ ቁጥር ሥዕሉ ይጠራል፣ ርቆ መሄድ ግን አይችልም፤ ቀርቦ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ፕሮቡ ላይ ኮንዶም ይጠለቃል፣ ጄል ይቀባል፣ ሴቲቱ አንሶላ ተሸፍና ትተኛለች። የሚያሳፍር ነው ብለው የሚቀሩ አሉ። ሴት ባለሙያ እንድትሆን ወይም ሲስተር አብራ እንድትቆም መጠየቅ ነውር የለውም።

አልትራሳውንድ ሥጋውን በደንብ ያሳያል። የእንቁላል ማምረቻዎቹን ያሳያል፣ እንቁላል እያደገ መሆኑን ይለካል፣ የማህፀን እጢ ካለም ያገኘዋል። ሐኪሞች ማዮማ የሚሉት ይህ እጢ ካንሰር አይደለም፤ ልጅ በመውለድ ላይ ያለው ጉዳት የሚለየውም በመጠኑ ሳይሆን በቦታው ነው። ወደ ውጭ ያበጠ ማዮማ እንደ ዱባ ቢያክል እንኳ ማህፀኑን ከውስጥ ላይነካው ይችላል፤ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግን ወደ ውስጥ ያበጠ ማዮማ ጽንስ የሚጣበቅበትን ቦታ ይይዛል። "እጢ አለብሽ" የተባለች ሴት እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት "ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?" ብላ ብቻ አይደለም፤ "ወደ የት ነው ያበጠው?" ብላ ነው።

አልትራሳውንድ የማያየው ደግሞ አለ። ጤነኛ ቱቦ አይታየውም፤ ቀጭን ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ከአንጀት ጋር ይመሳሰላል። ቱቦው በፈሳሽ ካበጠ ብቻ ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው። "አልትራሳውንድ ተነስቼ ቱቦሽ ደህና ነው አሉኝ" የምትል ሴት ካጋጠመቻችሁ ሐኪሙ ያላት "ያበጠ ቱቦ አላየሁም" መሆን አለበት። ይከፈት ይዘጋ አልታየም።

ለቱቦ ጥያቄ ነው ኤችኤስጂ የሚባለው የማህፀንና የቱቦ ራጅ የሚታዘዘው። በአገራችን ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ለመካንነት ትልቁ ምክንያት በኢንፌክሽን የተጎዳ ቱቦ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ክላሚዲያና ጨብጥ ሳይታከሙ ሲቀሩ፣ ውርጃ ወይም ወሊድ ባልጸዳ እጅ ሲደረግ፣ ቲቢ ከሳንባ አልፎ ወደ ማህፀን ሲወርድ ቱቦው ይጠባበሳል። ብዙ ጊዜ ያለ አንድም ምልክት ነው ይህ የሚሆነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሴቲቱ ራጅ አልጋ ላይ እንደ ወሊድ ጊዜ እግሯን አጥፋ ትተኛለች። ሐኪሙ መክፈቻውን አስገብቶ የማህፀን በሯን ያያል፣ በመድኃኒት ያጸዳል፣ ከዚያ በበሩ ቀዳዳ ቀጭን ላስቲክ ያስገባል። በላስቲኩ በኩል ኮንትራስት የሚባለው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ቀስ ተብሎ በሲሪንጅ ይገፋል፤ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር አይሞላም። አዮዲን ከባድ አቶም ስለሆነ ራጁን አያሳልፍም፤ ፈሳሹ የደረሰበት ሁሉ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ነጭ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ያ የማህፀኑ ጉድጓድ ነው። ከሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፤ እነሱ ቱቦዎቹ ናቸው። ከመስመሮቹ ጫፍ ፈሳሹ ወደ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ሲበተን ሐኪሙ "ስፒል" ብሎ ይጽፋል። በሁለቱም በኩል ስፒል ካለ ቱቦው ክፍት ነው። ማህፀን ሲወጠር እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፤ አንዳንዷን ብዙ ያማታል፣ አንዳንዷን ምንም። ሐኪሙ ከፈቀደ 30 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ጾም ላይ ነን ብላችሁ ባዶ ሆድ አትዋጡት፤ ንስሐ አባታችሁም አይቆጡም።

ጨረሩን የሚፈሩ አሉ። መጠኑ ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት ከተፈጥሮ ብቻ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ይቀበላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ስለሚጨምር የአምባራስ ሰውማ ከቆላው ሰው ትንሽ ይበልጣል። ጨረሩ በውነት የሚያሳስበው ሴቲቱ ሳታውቀው አርግዛ ከሆነ ነው፤ ቀን የሚቆጠረውም ለዚያ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሮንትገን ራጅን እ.ኤ.አ. በ1895 ካገኘ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ሐኪሞች የተለያየ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እያስገቡ ፎቶ ማንሳት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አዮዲን ያለበት ዘይት መጣ፤ በኋላ በውሃ የሚሟሟው ተተካ። ዘይቱ ግን እንደገና ተነስቷል። በኔዘርላንድ 27 ሆስፒታሎች 1119 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው የተመራመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በዘይት ኮንትራስት ከታዩት 38.8 በመቶ፣ በውሃው ከታዩት 28.1 በመቶ ወልደዋል። ቱቦውን ሲያጥበው ይሆናል የሚል ግምት አለ። እንዲህ ያለውን ዜና ስንሰማ ዘይቱን ፍለጋ መሮጥ ይቀናናል፤ ለእኛ ደጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእንቅርት አገር ነን። አዮዲን በብዛት በአንድ ጊዜ ሲገባ ለረጅም ጊዜ አዮዲን ያጣውን እንቅርት ሊያናውጠው ይችላል፤ ዘይቱ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት፣ ልቧ የሚመታባት ወይም ለአዮዲን አለርጂ የሆነች ሴት ሳትጠየቅ በፊት ተናግራ ትግባ።

አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ፤ የራጅ ወረቀት ትዳር ሲበትን የሚውለው እዚህ ላይ ነውና። ኤችኤስጂ የተዘጋን ቱቦ ዝግ፣ የተከፈተን ክፍት ብሎ የሚለየው ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ትንተና እንዳሳየው ቱቦአቸው በርግጥ ከተዘጋባቸው 100 ሴቶች መካከል ምርመራው 65ቱን ያገኛል፤ ቱቦአቸው ክፍት ከሆነ 100 ሴቶች ደግሞ 17ቱን በስህተት ዝግ ይላቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ላስቲኩ ሲገባና ፈሳሹ ሲገፋ ማህፀን ይኮማተራል፤ ሲኮማተር የቱቦው መጀመሪያ እንደ መዘጋት ብሎ ይጨበጣል። ፈሳሹ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ከቀረ "ቱቦው መነሻው ላይ ተዘግቷል" ተብሎ ይጻፋል፤ በሌላ ቀን ሲደገም ቱቦው ክፍት ሆኖ ይገኛል። ከመነሻው ላይ ዝግ የተባለ ቱቦ ካልተደገመ ወይም በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ፣ ካልታየ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ጫፉ ላይ የተዘጋና ያበጠ ቱቦ ግን ሌላ ነው፤ ሃይድሮሳልፒንክስ ይሉታል፣ በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ጽንስን ያበላሻል፤ ስለዚህ በላቦራቶሪ ጽንስ ከመፍጠር በፊት ቱቦውን ማውጣት ወይም መቋጠር የተለመደ ሆኗል።

ኤችኤስጂ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህኛው የማህፀኑን ቅርጽ ይመለከታል። ሴት ጽንስ በእናቷ ሆድ ሳለች ማህፀኗ አንድ ሆኖ አይጀምርም። ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ግራና ቀኝ ሁለት ቱቦዎች ይበቅላሉ፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1830 ስለገለጻቸው በስሙ ይጠራሉ። ቱቦዎቹ ወደ መሀል መጥተው ይጋጠማሉ፣ ከዚያ በመካከላቸው የቀረው ግድግዳ እየሟሟ ይጠፋል፣ አንድ ጉድጓድ ይቀራል። ከላይ በኩል ሳይጋጠሙ ከቀሩ ማህፀኑ ሁለት ቀንድ ይሆናል። ተጋጥመው ግድግዳው ሳይሟሟ ከቀረ ደግሞ ከውጭ አንድ፣ ከውስጥ ግን ለሁለት የተከፈለ ማህፀን ይሆናል። አንደኛው ወገን ብቻ ካደገ ባለ አንድ ቀንድ ነው፤ የዚህችን ሴት ኩላሊት ማየትም ያስፈልጋል፣ ኩላሊትና ማህፀን አብረው ስለሚበቅሉ አንድ ኩላሊት ብቻ ሊኖራት ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናቶችን የደመረ ሥራ እንዲህ ያለ የቅርጽ ልዩነት ከሁሉም ሴቶች በ5.5 በመቶ፣ መካንነት ካለባቸው በ8 በመቶ፣ ጽንስ ከሚወርድባቸው በ13.3 በመቶ እንደሚገኝ ይናገራል። ልጅ ለመያዝ ከመቸገር ይልቅ ከያዙት መውረድ ጋር የበለጠ እንደሚያያዝ ቁጥሩ ራሱ ያሳያል።

ሁለት ቅሎች አስቡ። አንደኛው ከላይ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሁለት ራስ ያለው። ሌላው ከውጭ ድፍን፣ በውስጡ ግን ግድግዳ የቆመበት። ሁለቱንም ጠላ ሙሏቸውና ጠላው ብቻ ይታያችሁ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መንታ ቅርጽ ነው የሚሰጧችሁ። ኤችኤስጂ ቅሉን አያሳይም፣ ጠላውን ነው የሚያሳየው። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ግድግዳ ከሆነ ሂስትሮስኮፒ በሚባለው በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ መቁረጥ ይቻላል፣ ሁለት ቀንድ ከሆነ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም፤ የሌለ ግድግዳ ሊቆርጥ የገባ መቀስ ማህፀኑን ይበሳል። "ባለ ሁለት ቀንድ" የሚል የኤችኤስጂ ወረቀት ብቻውን ለቀዶ ጥገና ፈቃድ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከውጭ ያለውን ለማየት ወደ ድምፅ ወይም ወደ ማግኔት ይመለሳሉ። ባለ ሦስት ልኬት አልትራሳውንድ ከብልት በኩል ብዙ ሥዕል በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ኮምፒዩተሩ ማህፀኑን ከፊት ለፊት ገልጦ እንዲያሳይ ያደርጋል፤ ተራው አልትራሳውንድ ይህን ማዕዘን አያገኘውም። ከዚያ የማህፀኑ አናት ከውጭ ይለካል፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከገባ ሁለት ቀንድ ነው ይባላል፣ ለስላሳ ከሆነና ውስጡ ብቻ ከተከፈለ ግድግዳ ነው። ትንሽ ብቻ የተጠማዘዘው፣ ወረቀት ላይ "አርኩዌት" ተብሎ የሚጻፈው፣ የጤነኛ ማህፀን አንድ መልክ ነው፤ ሰው በዚህ ቃል እንቅልፍ አይጣ። ኤምአርአይም ይህንኑ በጣም በጠራ ሁኔታ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ 1.5 ቴስላ የሆነ ማግኔት ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን አቶሞች ያሰልፋል፣ በሬዲዮ ሞገድ ያናውጣቸዋል፣ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ምልክት ይቀዳል። ጨረር የለውም። ዋጋው ግን የዋዛ አይደለም፤ ቱቦ ክፍት ይሁን ዝግም አይነግርም። ባለ ሦስት ልኬት አልትራሳውንድ የሚያነሳ ጥሩ ባለሙያ በተገኘበት ቦታ ለቅርጽ ጥያቄ ኤምአርአይ ማዘዝ ብዙውን ጊዜ ቅንጦት ይመስለኛል።

ታየ ማለት ደግሞ ይቆረጥ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ 80 ያህል ሴቶችን በዕጣ የለየ ጥናት ግድግዳው የተቆረጠላቸው 31 በመቶ፣ ሳይነካ የተተወላቸው 35 በመቶ እንደወለዱ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ክርክሩንም አልጨረሰም። ቢሆንም "ግድግዳ አለ" በተባለ ማግስት ቀዶ ጥገና የሚያቻኩልን ሰው "ባይቆረጥስ?" ብሎ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለን ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ፖሊፕን ወይም ወደ ውስጥ ያበጠ ማዮማን፣ ለማግኘት የሚመረጠው ርካሽ ብልሃት ነው። ከላይ እንዳልነው የማህፀኑ ግድግዳዎች ተነካክተዋል። በቀጭን ላስቲክ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የጸዳ የጨው ውሃ ሲገባ ግድግዳዎቹ ይለያያሉ፤ ውሃው በአልትራሳውንድ ጥቁር፣ ፖሊፑ በጥቁሩ መሀል ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ራጅ አያስፈልግም፣ ውድ ፈሳሽ አያስፈልግም፤ አልትራሳውንድና የሠለጠነ እጅ ካለ በአጠቃላይ ሆስፒታል ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነው። ከሚገባው በታች የሚታዘዝ ምርመራ የትኛው ነው ብባል ይህን ነው የምጠራው። ሂስትሮስኮፒ ደግሞ ካሜራ ራሱ በማህፀን በር ገብቶ በዓይን የሚታይበት ነው፤ በጥረጋ ወይም በቲቢ የተጣበቀ ማህፀን ከዚህ በተሻለ የሚታይበት መንገድ የለም፤ ያየውንም እዚያው ማከም ይቻላል። ከቱቦው አልፎ በላቦራቶሪ ጽንስ ወደ መፍጠር ለሚደርሱ ደግሞ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ይህ አገልግሎት በመንግሥት ቤት አልነበረም።

አሁን ወደ አምባራሷ ሴት እንመለስ፤ ደባርቅ ላይ ወደ ጎንደር ሪፈር ተጽፎላታል፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአምባራስ ለምትነሳ ሴት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ጎንደር ደርሳ "ዛሬ አይሆንም፣ በሚቀጥለው ወር ነይ" መባል ነው። ይህን የሚያስቀረው ቀን መቁጠር ብቻ ነው። ኤችኤስጂም ሆነ የጨው ውሃው የሚሠራው ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ በፊት ነው፤ ደም የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን 1 ብሎ ሲቆጠር ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ደሙ ጥቅምት 5 ከመጣ ከጥቅምት 11 እስከ 15 ማለት ነው። ደሙ ከመጣ ጀምሮ ምርመራው እስኪያልቅ ባልና ሚስት መታቀብ አለባቸው። ስለዚህ ደሙ በመጣ ዕለት ወደ ሆስፒታሉ ይደወላል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ከዚያ ይወጣል። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን መኪና ሲገኝ መሄድ ነው። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ ምርመራው ይራዘማል፤ ፈሳሹ ኢንፌክሽኑን ይዞ ወደ ላይ ይወጣልና። ከምርመራው በኋላ ትንሽ ደምና ቁርጠት ለአንድ ሁለት ቀን የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን አምባራስ ድረስ ይዞ መውጣት አያስፈልግም፤ ያደረችበት ከተማ ውስጥ ያለ ሐኪም ቤት በዚያው ዕለት መግባት ነው።

ውጤቱ ሲሰጣት ሪፖርቱን ብቻ ይዛ አትውጣ፤ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ትጠይቅ። የሚቀጥለው ሐኪም፣ ጎንደር ይሁን አዲስ አበባ፣ የሌላ ሰው አንድ መስመር አንብቦ ከመወሰን ፈሳሹ የት ድረስ እንደሄደ በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል፤ ከመነሻው ላይ ነው የቆመው ወይስ ከጫፉ የሚለው የሚታየው ሥዕሉ ላይ ነው። ፊልሙ በቤት ጭስና በፀሐይ እንዳይበላሽ በኤንቨሎፑ ውስጥ ይቀመጥ፣ አይታጠፍ። የተነሳበት ቀንና የወር አበባዋ የመጣበት ቀን ከላዩ ይጻፍ። በዚያው ኤንቨሎፕ ውስጥ የባሏም የዘር ምርመራ ውጤት ይግባ።